የእትዬ ፊርማ ጎረቤት

በእውነተኛ ስሟ የሚጠሯት ባለቤቷና የመሥሪያ ቤቷ ደሞዝ ከፋይ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ «እትዬ ፊርማ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጡላት ፈራሚዎቿ ናቸው። «ፈራሚዎቼ» የምትላቸው ደግሞ፣ ፍርዳቸውን ሳይጨርሱ ጠባያቸው ተመስክሮላቸው በአመክሮ ከማረሚያ ቤት የወጡትን ሰዎች ነው። የቀራቸው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ በየወሩ እሷ ጠረጴዛ ፊት ቀርበው ይፈርማሉ። እሷም የት እንደሚያድሩ፣ ምን ሠርተው እንደሚበሉ፣ ከማን ጋር እንደሚውሉ ትጠይቃቸዋለች፤ ቤታቸው ድረስ ሄዳም በአይኗ ታያለች። አንዱ መስመር ከሳተ ለአለቃዋ ታስታውቃለች፣ አለቃዋ ለፍርድ ቤት ያስተላልፋል፣ ፍርድ ቤቱም ሰውየውን ወደመጣበት ይመልሰዋል።

ሥራውን ታውቅበታለች። ፈራሚዎቿ ፊት ጠንካራ ነበረች፤ አንድም ቀን ግን ሰው አላዋረደችም። «ሰው በአፉ ሲዋሽ እግሩ ወደ በሩ ይዞራል» ትል ነበር፤ እውነትም ጥያቄ ስትጠይቅ ጎንበስ ብላ ጫማቸውን ታያለች። ሥራ ላጣው ሥራ ታፈላልጋለች፤ ሚስቱ በር ለዘጋችበት ሚስቱን ሄዳ ታናግራለች። ከእጇ ያለፉ ብዙ ሰዎች ጊዜያቸውን ጨርሰው በሰላም ተሰናብተዋታል። መንገድ ላይ ሲያገኟት አንዳንዱ እንዳላያት ሆኖ ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁን ጠርቶ «ሰላም በላት፣ እትዬ ናት» ይላል።

ደሞዙ ግን ለሥራው የተከፈላት ሳይሆን ጥላ እንዳትሄድ የተወረወረላት ይመስል ነበር። ስትቀጠር እንዲህ አልነበረም። ያኔ ደሞዟ ቤት ተከራይቶ፣ ወሩን አብልቶ፣ ለጫማ ይተርፍ ነበር። ከዚያ ደሞዙ እዚያው እንደቆመ ቀረ፤ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ታክሲውና ትምህርት ቤቱ ጥለውት ሄዱ። ባለቤቷ የሒሳብ መምህር ነው። «ዕድሜ ልኬን ሳስተምር እንዲህ ያለ ስሌት አላየሁም፤ ሁለት ደሞዝ ተደምሮ አንድ ኪራይ አይሞላም» ይላታል። ቀልዱ መጀመሪያ ያስቃት ነበር። ኋላ ላይ ሲጀምረው ገና ድስት ማጠብ ትጀምራለች።

አንድ ቀን አከራያቸው መጡና ወንበር እንኳ ሳይስቡ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» አሉ። አከራይ ኪራይ መጨመር ሲያምረው ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ልጅ አያጣም። እትዬ ፊርማ የሴትዮዋን እግር አየች፤ ወደ በሩ ዞሯል። ምን ዋጋ አለው? እዚህ ቤት የምትፈርመው እሷ ናት። «ልጅዎ ባይመጣስ ስንት ነው?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ዋጋውን ነገሯት፤ ባልና ሚስቱ በማግስቱ ደላላ ፍለጋ ወጡ።

ደላላው ሁለት ሳምንት አንከራትቷቸው፣ ከመጨረሻው የአውቶቡስ ፌርማታ ወዲያ፣ ገና ድንጋይ ያልተነጠፈበት መንገድ ዳር አንድ ግቢ አገኘላቸው። እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ቤቱን ያየው ባለቤቷ ነው። «እንዴት ነው?» ብትለው «ጣራ አለው» አላት። እሑድ ዕቃቸውን በትንሽ የጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ረዥም ቤት ነው፤ እሱን በስስ ጣውላ ከፋፍለው ለአምስት ቤተሰብ አከራይተውታል። ውሃው በረንዳው ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ቧንቧ ናት፤ መጸዳጃ ቤቱም አንድ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጇ መጸዳጃ ቤቱን አይታ ተመለሰችና ምንም አላለችም። እናትየዋን ያስጨነቃት ዝምታዋ ነው።

ቁምሳጥኑ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ባለቤቷ ከውስጥ ይስባል፣ እሷ ከውጭ ትገፋለች፣ የመኪናው ሹፌር «ኧረ ሰዓቴን!» ይላል። በዚህ መሃል ከጎን ቤት አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው ወጣት ወጣና ምንም ሳይጠይቅ የቁምሳጥኑን ታች አቅፎ ብድግ አደረገው። ቀና ሲል አይን ለአይን ተጋጠሙ።

ፈራሚዋ ነው። በያጁ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ… ቤቴን ሊያዩ ነው የመጡት?» አለ፣ ቁምሳጥኑን እንዳቀፈ።

ባለፈው ሲፈርም ኪራይ ስለናረባቸው እሱና እናቱ ከከተማ ዳር ወዳለ ግቢ መግባታቸውን ነግሯት ነበር። ሄዳ ማየት ነበረባት። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነዳጅ የለውም ተብላ ለሚቀጥለው ወር አስተላለፈችው።

«አይ» አለች በመጨረሻ። «ልኖር ነው።»

ሹፌሩ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በያጁ የታሰረው አሠሪውን በብረት መትቶ ነው። ሰውየው የወራት ደሞዙን ከልክሎት፣ በዚያ ላይ በእናቱ ሰድቦት፣ በያጁ በእጁ የያዘውን ቧንቧ ሰነዘረ፤ የሰውየው ክንድ ዳግመኛ አልተዘረጋም። ማረሚያ ቤት ብየዳውን አጠናክሮ ወጣ። በአመክሮ ከተፈታ ወዲህ አንድም ቀን ሳያዛንፍ ፈርሟል። በየወሩ ገቢውን ጠይቃ የምትመዘግበው እሷ ናት፤ ገቢው ከእሷ ደሞዝ ከበለጠ ሰንብቷል። ያንን ቁጥር ስትጽፍ እጇ ለአፍታ ቆም እንደሚል እሱ አያውቅም፤ ቢያንስ የማያውቅ ይመስላት ነበር።

አሁን ግን መደበቂያ ጠፋ። ስሱ ጣውላ የሚከልለው አይንን እንጂ ጆሮን አይደለም። በያጁ ሲያስል ትሰማለች፤ እናቱ ማለዳ ፈጣሪያቸውን ሲለምኑ፣ ልብስ የሚጠግኑበት የስፌት መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ትሰማለች። እሷ ከሰማች እነሱም ይሰማሉ። እሷና ባለቤቷ ስለ ገንዘብ በሹክሹክታ መነጋገር ለመዱ፤ ግን ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ በሹክሹክታ የሚዘልቁ ባልና ሚስት የሉም። አንድ ቅዳሜ የልጅቷን የአውቶቡስ ክፍያ አንስተው ተጋጩ። «እኔ ልስረቅ ታዲያ?» አለ መምህሩ፣ ድምፁ እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ ብሎ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ለመምሰል ይመስላል፣ ባዶውን ይንኳኳ ጀመር።

በዚያው ሳምንት በያጁ ለመፈረም ቢሮዋ መጣ። ወንበሩ ላይ እንደወትሮው በጫፉ ተቀመጠ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«የምታገኘው ይበቃሃል?»

የዘወትር ጥያቄዋ ነው፤ ሁሉንም የምትጠይቀው ነው። በያጁ ግን አንገቱን ደፋ። «እባክዎ እርስዎ ይሄን አይጠይቁኝ። አፍራለሁ» አላት።

ብዕሩን አቀበለችው። ፈርሞ ሄደ። ቀጥሎ የገባውን ሰው ስለ ገቢው ሳትጠይቀው አለፈች፤ ሰውየው ራሱ አስታወሳት።

በያጁ በግቢው ውስጥ ሊያገኛት አይፈልግም ነበር። ቧንቧው ጋ ካያት ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል። እናቱ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው። የልጅቷ የትምህርት ቤት ልብስ ብብቱ ላይ ተተርትሮ ሲያዩ «አምጪው» ብለው ሰፉላት፤ ስፌቱ ከአዲሱ በልጦ መጣ። እትዬ ፊርማ የሠሩበትን ልክፈል ብላ ብትሄድ ሴትዮዋ ተቆጡ።

«ምን ነካሽ ልጄ? ለአንድ ክንድ ክር?»

«ደንብ አለ፣ እናቴ። ከእናንተ ምንም መቀበል አይፈቀድልኝም።»

«የማነው ደንብ?»

«የመሥሪያ ቤቴ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋት። «መሥሪያ ቤትሽ የልጅሽን ልብስ ይጠግናል?» አሉና መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ነገሩ ስድብ አልነበረም፤ ሴትዮዋ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

እትዬ ፊርማ ነገሩን አፍና መቀመጥ አልቻለችም። ተቆጣጣሪ ከምትቆጣጠረው ሰው ጋር አንድ ግቢ መኖር እንደሌለባት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ለአዳዲስ ሠራተኞች ይህን ደንብ ያስተማረችው እሷ ራሷ ናት። አለቃዋ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ነገረችው። አለቃዋ ጡረታው የቀረበ፣ የኮቱ ክርን በጥንቃቄ የተጣፈ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። አዳመጣት፣ ተነፈሰ፣ መስኮቱን አየ።

«እንግዲህ ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። ፋይሉን ለሌላ ሰው ያዙሩልኝ።»

«ለማን? ያንን ሰፈር ይዞ የነበረው ልጅ ስልክ መሸጥ ይሻለኛል ብሎ ወጣ። ያቺ ቀጭኗም የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገብታለች። ቢዞርስ? እኮ ከአንድ ቧንቧ ትቀዳላችሁ! ወይ አንቺ ልቀቂ፣ ወይ እሱ ይልቀቅ።»

«እኔ የምሄድበት የለኝም።»

«እሱስ አለው?»

አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ እኔ ከኪሴ አውጥቼ አልከራይልሽ። እኔም ከዚህ ስወጣ የወንድሜ ሱቅ ቆሜ ነው የማመሸው፤ ለማንም አትናገሪብኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ግን ካንቺ ጋር ልወድቅ ነው።»

ቤት ፍለጋው ተጀመረ። ከሥራ መልስ ባልና ሚስቱ በየፊናቸው ይዞራሉ። አንዱ ጋ ዋጋው አይቀመስም፤ ሌላው ጋ ዋጋው ይቀመሳል ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ሌላው ጋ ልጅ ያለው ተከራይ አይፈልጉም። አንድ አከራይ «ሥራሽ ምንድነው?» ብለው ጠየቋት። ስትነግራቸው «ወንጀለኛ ደጄ ላይ ሊሰበሰብ ነው እንዴ?» ብለው ዘጉባት። እሷን ይዞ የሄደው ደላላ እንኳ አፈረ። «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አይበሉ» ብሎ መከራት ሲመለሱ፣ «ነጋዴ ነኝ ይበሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሉ ኪራይ እንደሚያቋርጡ ያውቁታል።»

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ በያጁ በጠራራ ፀሐይ በሯ ላይ መጥቶ ቆመ። እጁን ታጥቦ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፤ ልክ ለመፈረም እንደሚመጣ።

«እትዬ፣ ቤት እየፈለጉ እንደሆነ ሰማሁ።»

«ከማን ሰማህ?»

ጣውላውን በአገጩ አመለከታት። እሷም ወደ መሬት አየች።

«አይልፉ» አላት። «እኔ እወጣለሁ። ብየዳ ቤቱ ውስጥ ከብረቱ ጀርባ ቦታ አለ፤ ባለቤቱም ጥበቃ አተርፋለሁ ብሎ ደስ ይለዋል። እናቴ እዚሁ ትሁን። እኔ ወጣት ነኝ፣ የትም አድራለሁ።»

«አይሆንም። አድራሻህን ፍርድ ቤቱ ነው የፈቀደው። ሳይፈቀድልህ ብትለውጥ አመክሮህ ይነሳል።»

«ታዲያ ይጠይቁልኛ።»

«እጠይቃለሁ። መልሱ እስኪመጣ ግን ንቅንቅ እንዳትል። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አለ። እግሩ ወደ ግቢው በር ዞሮ ነበር። አየችው።

ጥያቄውን በማግስቱ አስገባች። አለቃዋ አጸደቀና ወደ ላይ ላከው፤ ላይ ያሉት ደግሞ ፊርማቸው እንደ ዝናብ ይለመናል። በያጁ ግን አልጠበቀም። በሦስተኛው ቀን ፍራሹን ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ሲወጣ እትዬ ፊርማ በመስኮት አየችው። ጠርታ ልታስቆመው ትችል ነበር። እጇ መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ። ከግቢው በር ተሻግሮ መንገዱን ሲይዝ፣ ከደረቷ ላይ አንዳች ሸክም የወረደላት ያህል እፎይ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ረሳች፤ ያቺን እፎይታ ግን መርሳት አቃታት።

ባለቤቷን «ጠርቼ እንዳይሄድ ልነግረው ይገባኝ ነበር» አለችው።

«ምን ብለሽ? ተመለስና እኛ እንውጣልህ ብለሽ?»

«ደንቡን ያውቃል። አስጠንቅቄዋለሁ።»

«እኮ» አለ መምህሩ፣ አይኑን ከሚያርመው የፈተና ወረቀት ሳያነሳ። «አስጠንቅቀሽዋል።»

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ግቢው ሰላም ሆነ። በያጁ በየምሳ ሰዓቱ እናቱን ሊያይ ብቅ ይላል። እትዬ ፊርማ ቤት ፍለጋውን አቆመች፤ ልጅቷም ከጎረቤት ልጆች ጋር ተላምዳ መሳቅ ጀመረች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው ፖሊሶች ብየዳ ቤቱን የከበቡት። የድልድይ አጥር ብረት ተሰርቆ፣ ዱካው እዚያ አድርሷቸው ነው። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ብረቱን በርካሽ ገዝቶ ከጀርባ ከምሮታል። ፖሊሶቹ ክምሩን ሲያነሱ ከኋላው ፍራሽ፣ የተጣጠፈ ልብስና የውሃ ኮዳ አገኙ። «ይሄ የማነው?» አሉ። በያጁ የብየዳ መነጽሩን ከአይኑ አውልቆ «የኔ ነው» አለ።

ስለ ብረቱ ምንም እንደማያውቅ ባለቤቱ ራሱ መሰከረለት። ብረቱን ያራገፉት እሱ እናቱ ጋ ምሳ ሲበላ ነው። የስርቆቱ ነገር በዚሁ ወደቀለት። ሌላው ግን አልወደቀም። በአመክሮ የተፈታ ሰው፣ ፍርድ ቤት ከፈቀደለት አድራሻ ውጭ፣ ያውም የሌባ ዕቃ በተከመረበት ቤት ሲያድር ተገኝቷል።

ችሎቱ ሲሰየም እትዬ ፊርማ በተቆጣጣሪነቷ ቀረበች። በያጁ እጁ ታስሮ ቆሟል፤ እናቱ ኋላ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ጎልማሳ ሴት ናቸው፤ ከፊታቸው የተከመረው መዝገብ አገጫቸው ድረስ ይደርሳል።

«የአድራሻ ለውጥ ጥያቄ አቅርባችኋል። የደረሰኝ ግን ከተያዘ በኋላ ነው» አሉ ዳኛዋ።

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ። የጠየቅነው ግን ከመያዙ በፊት ነው።»

«ሳይፈቀድለት ነው የወጣው?»

«አዎ። አስጠንቅቄው ነበር።»

«የተፈቀደለት ቤት ምን ሆኖ ነው የለቀቀው? አከራዩ አስወጡት?»

«አይ። በእኔ ምክንያት ነው የለቀቀው። እኔ እዚያ ግቢ ተከራይቼ ስለገባሁ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እርስዎ? የሚቆጣጠሩት ሰው ግቢ?»

«እሱ እዚያ መኖሩን ሳላውቅ ነው የገባሁት።»

«ሲያውቁስ?»

እትዬ ፊርማ በሕይወቷ ስንቱን ሰው አስቀምጣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጠይቃለች! «ሌላ ቤት መከራየት አልቻልኩም። ደሞዜ አይደርስልኝም» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ፈገግታውን መቆጣጠር አቅቶት በአፍንጫው ሳቀ። ዳኛዋ ቀና ብለው ሲያዩት ጸጥ አለ። ልባቸው እንዳዘነ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ይሄ ለእኔ መልስ አይሆነኝም» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ጠባዩ እንዴት ነበር?»

«አንድ ቀን አላጎደለም። እኔን ላለማሳፈር ብሎ ነው የወጣው። ቅጣት ካለ የሚቀጣው እሱ መሆን አልነበረበትም።»

ዳኛዋ አዳመጡ፣ ጻፉ፣ እንደገና ጻፉ። ሁሉንም ግምት ውስጥ አስገብቻለሁ፣ አሉ፤ ግዴታው ግን በግልጽ ተነግሮት ነበር፣ ተቆጣጣሪዋም አስጠንቅቃዋለች፣ ይህን ራሷ መስክራለች። ስለዚህ አመክሮው ተነስቶ የቀረውን ጊዜ በማረሚያ ቤት ይጨርስ። የቀረው ዓመት ከመንፈቅ ነው። ውሳኔውን አንብበው ሲጨርሱ የሚቀጥለውን መዝገብ ሳቡ።

በያጁን ሲያወጡት እትዬ ፊርማ አጠገብ ደርሶ ቆም አለ። «እትዬ፣ እናቴን…» ብሎ ጀመረ፤ ፖሊሱ ክንዱን ያዘውና ቀሪውን ሳይናገር ወጣ።

በማግስቱ አለቃዋ አስጠራት። ይወቅሰኛል ብላ ነበር የገባችው። ሰውየው ግን ወንበር ሰጣት፣ ሻይ አዘዘላት፣ ሻዩ እስኪመጣ ጠብቆ፣ «እንግዲህ… ያው እሱ ስለሌለ፣ የግቢው ነገር አበቃ። ቤትሽን መልቀቅ የለብሽም» አላት። ሊያጽናናት ብሎ ነው። ሻዩን ሳትነካው ተነስታ ወጣች፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ቆየች።

የበያጁ እናት አልወቀሷትም። ቢወቅሷት በተሻላት ነበር። ስትገባ «እንዴት ዋልሽ» ይሏታል፣ ስትወጣ «በደህና ዋይ» ይሏታል። አንድ ቅዳሜ በሯን አንኳኩና «ወደ ማረሚያ ቤቱ በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚሄዱት? ድሮ ስመላለስበት የነበረው መስመር ተቀይሯል አሉኝ» አሏት። «እኔ እወስድዎታለሁ» አለች።

አብረው ሄዱ። ዳቦ፣ ሳሙና፣ ሁለት ካልሲ ይዘዋል። በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች እትዬ ፊርማን ያውቋታል፤ ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጧትና በሠራተኛ በር እንድትገባ አመለከቷት። «ዛሬ ጎረቤት ሆኜ ነው የመጣሁት» ብላ ከሴትዮዋ ጋር ሰልፍ ያዘች። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል።

በያጁ ከስቷል፤ ግን ሳቀላቸው። «እዚህ አከራይ የለም፣ የመብራት የለ የውሃ የለ፣ የሚከፈል ነገር የለም» ብሎ ቀለደ። እናቱ ሳቁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «የመምህሩ ደሞዝ ተጨመረ አሉ፤ እውነት ነው?» አላት። ገና አልተጨመረም፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጭማሪ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ብቻ ተነስቷል። ጭማሪው ገና ኪሳቸው ሳይገባ ግን የግቢው ባለቤት ወሬውን ከእነሱ ቀድሞ ሰምቶ ኪራዩን ከፍ አድርጎታል፤ ያውም ለአምስቱም ቤት። እሷ ይህን አልነገረችውም። «ደህና ነን» አለችው። እሱም ጫማዋን አየ፤ ከሷ ነው የተማረው።

የኪራይ ጭማሪው ባልና ሚስቱን አስጨነቀ፤ ብቻቸውን የቀሩትን እናት ግን ጣላቸው። ሴትዮዋ ወሩን በስፌት ገፉት፤ ሁለተኛውን ግን አልቻሉም። ወደ ገጠር እህታቸው ጋ ሊሄዱ ወሰኑ። ከማረሚያ ቤቱ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው፤ ልጃቸውን መጠየቅ አይችሉም ማለት ነው። እትዬ ፊርማ ባለቤቷን «ከእኛ ጋር ይቀመጡ» አለችው። መምህሩ ክፍሏን በአይኑ ዞራት፤ ሁለቱን አልጋዎች፣ ቁምሳጥኑን፣ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ የምታጠናውን ልጃቸውን። «የት?» አላት። ጥያቄው የክፋት አልነበረም። እሷም ክፍሏን ዞራ አየችና የምታሳየው ቦታ አጣች።

ሴትዮዋ የሄዱት በሥራ ቀን ማለዳ ነው። የስፌት መኪናቸውን ሸጠውታል፤ የቀረው ዕቃቸው በአንድ ጋሪ ተጫነ። እትዬ ፊርማ ለመሳፈሪያ ይሁንዎ ብላ በወረቀት የጠቀለለችውን ብር እጃቸው ላይ ልታደርግ ሞከረች። ሴትዮዋ መልሰው እጇን ጨበጡላት።

«ተይው ልጄ። አንቺ ራስሽ ያለሽበትን እሰማው የለ?»

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ «ምን ይደረግ» አሉ። ይቅር አልኩሽ አላሉም፤ አልልሽም አላሉም። ጋሪው ላይ ወጡና ቦርሳቸውን አቀፉ። እትዬ ፊርማ ወደ ሥራዋ የሚወስዳትን አውቶቡስ ትታ፣ ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ መንገዱ መሃል ቆማ ቀረች።

የሴትዮዋን ቤት በዚያው ሳምንት አንድ አዲስ ተጋቢ ጥንድ ተከራየው። ባልየው የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ነው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። የገቡ ዕለት ልጅቷ ሰላም ልትላቸው ሄዳ ስትመለስ፣ «እማዬ፣ በጣም ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ ኑሮ እስኪሻላቸው ድረስ፣ ለጊዜው ነው እዚህ የገቡት አሉኝ» አለቻት።